አኲሌያ፤ ታናሽ ከተማ፥ ታላቅ አደራ

የኢጣልያ ስም በኢትዮጵያዊ ቤት ውስጥ ሲነሣ አስቀድሞ ወደ ልብ የሚመጣው የዐድዋ ድልና ከ1936 እስከ 1941 ዓ.ም. በአገራችን ላይ የወረደው መከራ ነው። በ1937 ዓ.ም. በደብረ ሊባኖስ የፈሰሰው የመነኮሳትና የምእመናን ደም ከቤተ ክርስቲያን ልጆች ኅሊና አልጠፋም፤ ሊጠፋም አይገባውም። ይሁን እንጂ የአገር ታሪክ ረጅምና ብዙ መልክ ያለው ነውና፥ ዛሬ ለአንባቢዎቻችን የምናቀርበው ከዚያ የመከራ ዘመን 1500 ዓመት ያህል የሚቀድም ነገር ነው።

በሰሜን ምሥራቅ ኢጣልያ፥ በአድርያቲክ ባሕር ጫፍ አጠገብ፥ አኲሌያ የምትባል አንዲት ታናሽ ከተማ አለች። የዛሬ ነዋሪዎቿ ቍጥር ከ3 ሺህ እምብዛም አያልፍም። አደባባይዋ ጠባብ፥ ቤቶቿ ዝቅ ዝቅ ያሉ፥ ዙሪያዋም የበቈሎና የወይን እርሻ ነው። ሆኖም የአባታችን የአባ ሰላማ ከሣቴ ብርሃን ታሪክ፥ ማለት ሁለት ልጆች በመርከብ መጥተው ወደ አክሱም ቤተ መንግሥት የገቡበት ታሪክ፥ በምዕራቡ ዓለም ሊታወቅ የቻለው የዚህች ከተማ ኤጲስ ቆጶስ ባስጻፈው መጽሐፍ ነው። ስለዚህ አኲሌያ ምን ዓይነት ከተማ እንደ ነበረች፥ ዛሬስ በውስጧ ምን እንደሚታይ ማወቅ ለእኛ የባዕድ ወሬ አይሆንብንም። በዚህ ጽሑፍ የተጠቀሰው ዓመተ ምሕረት ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቈጣጠር መሆኑን አንባቢ ያስተውል።

ንስርና ማረሻ

አኲሌያን የቈረቈሩአት ሮማውያን ናቸው፤ ዘመኑም ከጌታችን ልደት በፊት 181 ዓመት ነው። ከአልፕ ተራሮች ማዶ እየተሻገሩ ወደ ሜዳው የሚወርዱትን ሕዝቦች ለመግታት ሲሉ 3 ሺህ እግረኛ ወታደሮችን ከነቤተ ሰባቸው በዚያ አስፍረው መሬት ከፈሉአቸው። በሮማውያን ሥርዓት የአዲስ ከተማ ወሰን የሚለየው በሬ ተጠምዶ በሚወጣ ትልም ነበርና፥ ትልሙ ሲወጣ ንስር በሰማይ ሲያንዣብብ ታየ፤ ከተማይቱም በንስሩ ተሰየመች የሚል አፈ ታሪክ አለ። በላቲን ቋንቋ ንስር «አኲላ» ይባላል። ሌሎች ግን ስሙ ከሮማውያን በፊት ከነበረ የወንዝ ስም የመጣ ነው ይላሉ።

ምሽግ ሆና የተጀመረችው ስፍራ ብዙ ሳትቈይ የንግድ ከተማ ሆነች። መርከብ የሚያስገባ ሰፊ ወንዝ በአጠገቧ ይፈስ ነበር፤ ባሕሩም ከከተማይቱ የሚርቀው ዐሥር ኪሎ ሜትር ያህል ነው። ከጌታ ልደት በፊት በ148 ዓመት የተጠረገው የፖስቱምያ ጐዳና ከምዕራብ ጠረፍ ከጄኖቫ ተነሥቶ፥ የሰሜን ኢጣልያን ሜዳ አቋርጦ በአኲሌያ ይፈጸም ነበር። ከሰሜን የሚወርደው መንገድ ደግሞ ዛሬ ኦስትርያ ከሚባለው አገር ብረትን፥ ከሩቁ ከባልቲክ ባሕር ዳርቻም አምበርን ያመጣ ነበር። አምበር ከጥንት ዛፎች የፈሰሰ ሙጫ በብዙ ዘመን ደንድኖ እንደ ዕንቍ የሚያበራ ነገር ነው፤ የአኲሌያ የእጅ ጥበበኞች ከእርሱ ቀለበትና ልዩ ልዩ ጌጥ ይሠሩ ነበር። ከባሕር በኩል ደግሞ ዘይትና ወይን በጋን ተሞልቶ ይገባ ነበር። ከዚያ ዘመን ከቀሩት የመስተዋት ጠርሙሶች በሁለቱ ላይ ሴንትያ ሴኩንዳ የምትባል ሴት በአኲሌያ እንደ ሠራቻቸው የሚያመለክት ጽሕፈት ተገኝቶአል። ጠርሙሶቹ የተገኙት ተራራውን አልፈው በዳንዩብ ወንዝ ዳር በምትገኘው በሊንዝ ከተማ ነው። የአንዲት ሴት የእጅ ሥራ ምን ያህል እንደ ተጓዘ ከዚህ እንረዳለን።

በ238 ዓ.ም. ንጉሠ ነገሥት መክሲሚኖስ በሮማ ላይ ተቈጥቶ ከሰሜን ሠራዊቱን ይዞ በወረደ ጊዜ አኲሌያ በሯን ዘጋችበት። ከበባውም በረዘመ ጊዜ የቀስቱ አውታር ስላለቀ የከተማይቱ ሴቶች ጠጕራቸውን እየቈረጡ ለአውታር ሰጡ ተብሎ ይተረካል። በመጨረሻ የተራቡት የንጉሡ የራሱ ወታደሮች እርሱንና ልጁን ገድለው ከበባውን ተዉት። ከዚህ በኋላ የከተማይቱ ስም እጅግ ገነነ። በአራተኛው ምዕት ዓመት የነበረው ባለቅኔ አውሶንዮስ የዓለምን ታላላቅ ከተሞች በየማዕርጋቸው ሲደረድር ለአኲሌያ ዘጠነኛውን ስፍራ ሰጥቶአታል።

በጠጠር የተሣለ ባሕር

የከተማይቱ ትውፊት እንደሚለው ወንጌላዊው ቅዱስ ማርቆስ ወደ እስክንድርያ ከመሄዱ በፊት በአኲሌያ ወንጌልን ሰብኮአል፤ ሄርማጎራስ የሚባለውንም ሰው ለእረኝነት መርጦአል። ክህነትን ከመንበረ ማርቆስ ለተቀበልነው ለእኛ ይህ ትውፊት እንግዳ ሆኖ አይሰማንም። በታሪክ ጽሑፍና በድንጋይ ጐልቶ የሚታየው የአኲሌያ ክርስትና ግን ከ313 ዓ.ም. በኋላ ያለው ነው። በዚያ ዓመት ቈስጠንጢኖስ ለክርስቲያኖች ነጻነት ሰጠ። የአኲሌያ ኤጲስ ቆጶስ ቴዎድሮስ በ314 ዓ.ም. በጎል አገር በአርል ከተማ በተደረገው ጉባኤ ከተገኙት አባቶች አንዱ ነበር፤ በዚያው ዘመን በከተማው ውስጥ ጐን ለጐን የቆሙ ሰፋፊ የጸሎት አዳራሾችን አሠራ። የእርሱ ስምና ለምእመናኑ ያቀረበው ምስጋና እስከ ዛሬ ድረስ በወለሉ ላይ ተጽፎ ይነበባል።

ይህ ወለል የአኲሌያ ታላቅ ሀብት ነው። ርዝመቱ 37 ሜትር፥ ወርዱ 20 ሜትር ያህል ሲሆን ስፋቱ ከ700 ካሬ ሜትር ይበልጣል። በልዩ ልዩ ቀለም ያላቸው ጥቃቅን ጠጠሮች እየተገጣጠሙ የተሣለበት፥ ሞዛይክ የሚባለው ሥራ ነው፤ ከጥንታውያን ክርስቲያኖች ዘመን በምዕራቡ ዓለም ከቀሩት የወለል ሞዛይኮችም በስፋቱ የመጀመሪያው ነው።

በስተ ምሥራቅ በኩል የወለሉን ወርድ በሙሉ የያዘ ባሕር ተሥሎአል። ባሕሩ ልዩ ልዩ ዓይነት ዓሣና ዳክዬ ሞልቶበታል፤ ክንፍ ያላቸው ሕፃናትም በጀልባ ሆነው መረብ ይጥላሉ፥ በመንጠቆም ያጠምዳሉ። በዚህ ባሕር መካከል የነቢዩ ዮናስ ታሪክ በሦስት ክፍል ይታያል። በመጀመሪያው መርከበኞች ዮናስን ወደ ባሕር ሲጥሉትና ዘንዶ የሚመስለው የባሕር አውሬ አፉን ከፍቶ ሲቀበለው ይታያል። በሁለተኛው አውሬው መልሶ ሲተፋው፥ በሦስተኛውም ነቢዩ ከቅል ሐረግ ጥላ በታች ጋደም ብሎ ሲያርፍ ይታያል፤ ቅሎቹ ከበላዩ ተንጠልጥለዋል። በየዓመቱ ጾመ ነነዌን የሚጾም ቤተ ሰብ ይህን ሥዕል ቢያይ አስተርጓሚ አያሻውም። የክርስቶስን የሦስት ቀን መቃብርና ትንሣኤ በዮናስ ምሳሌነት ማስተማር የጥንት ቤተ ክርስቲያን ትምህርት ነውና።

ከዮናስ ባሻገር በጫንቃው በግ የተሸከመ፥ በእጁ የእረኛ ዋሽንት የያዘ ቸር እረኛ አለ። በሌላው ክፍል ክንፍ ያላት የድል ምሳሌ አክሊል ይዛ ቆማለች፤ ሊቃውንት ሥዕሉን ከምሥጢረ ቍርባን ጋር አያይዘው ይተረጕሙታል። አውራ ዶሮና ኤሊ ፊት ለፊት ገጥመው ሲዋጉ የሚታዩበትም ስፍራ አለ፤ ዶሮው ንጋትን የሚያበሥር ስለ ሆነ የብርሃን፥ ኤሊው ደግሞ ራሱን የሚሰውር ስለ ሆነ የጨለማ ምሳሌ ነው ይባላል። በብዙ ቦታ ደግሞ የወንዶችና የሴቶች ፊት ተሥሎአል። እነዚህ ለሕንፃው ገንዘባቸውን የሰጡ ምእመናን ናቸው ተብሎ ይታመናል። አባትና እናት፥ ወጣትና ሽማግሌ፥ ከመሬት ወደ ላይ ቀና ብለው ይመለከታሉ።

ሐዋርያዊ አትናቴዎስ በአኲሌያ

ቅዱስ አትናቴዎስ ስለ ቀናች ሃይማኖት አምስት ጊዜ ከመንበሩ እንደ ተሰደደ ምእመናን ያውቃሉ። በሁለተኛው ስደቱ ጊዜ በምዕራብ አገር ሳለ ወደ አኲሌያ መጣ፤ የ345 ዓ.ም.ን የትንሣኤ በዓልም በዚያ አከበረ። የምእመናኑ ቍጥር ስለ በዛ ሌላ ሰፊ ቤተ ክርስቲያን በመሠራት ላይ ነበረ፤ ሕዝቡም ሕንፃው ሳይፈጸም በውስጡ ተሰብስቦ ይጸልይ ነበር። በምዕራብ በኩል የነገሠው ቆንስጣስም በዚያ ጸሎት ላይ ተገኝቶአል።

ይህን የነገረን ራሱ ቅዱስ አትናቴዎስ ነው። ዐሥር ዓመት ያህል ካለፈ በኋላ ጠላቶቹ በንጉሥ ቆንስጣንዮስ ፊት ከከሰሱት ነገር አንዱ፥ በእስክንድርያ ቅዳሴ ቤቱ ገና ባልተከበረ ቤተ ክርስቲያን የትንሣኤን በዓል አክብሮአል የሚል ነበር። እርሱም በጻፈው የመከላከያ መጽሐፍ፥ ሕዝቡ በጠባብ ቦታ ተጨናንቆ ከሚጐዳ በሰፊው መጸለይ እንደሚሻል ሲያስረዳ፥ ይህንኑ በአኲሌያ በዓይኑ እንዳየ፥ የንጉሡም ወንድም በዚያ እንደ ነበረ ጠቀሰ።

እንግዲህ አንባቢ ልብ ይበል። በዚያው መጽሐፍ ውስጥ፥ ጥቂት ገጾች ዝቅ ብሎ፥ ንጉሥ ቆንስጣንዮስ ለአክሱም ገዢዎች ለዔዛናና ለሳይዛና የላከው ደብዳቤ ተገልብጦ ይገኛል። ንጉሡ በዚያ ደብዳቤ፥ አትናቴዎስ የሾመው ኤጲስ ቆጶስ ፍሬምናጦስ ወደ እስክንድርያ ተልኮ፥ የአትናቴዎስን መንበር በያዘው በጊዮርጊስ ፊት እንዲመረመር ይጠይቃል። አሳቡ የኢትዮጵያን ቤተ ክርስቲያን ወደ አርዮስ ወገን ለመመለስ ነበር። በአንድ መጽሐፍ ውስጥ አኲሌያና አክሱም ተገናኙ፤ አንዲቱ ስደተኛውን አባት ያስተናገደች፥ ሁለተኛይቱ እርሱ የሾመላትን ጳጳስ የተቀበለች ናት።

በወረራ ወራት የተጻፈ መጽሐፍ

ከቅዱስ አትናቴዎስ በኋላ በነበረው ትውልድ አኲሌያ የሊቃውንት መሰብሰቢያ ሆነች። መጽሐፍ ቅዱስን ወደ ላቲን የመለሰው ሄሮኒሞስ በወጣትነቱ በዚያ ከነበሩት መናንያን ጋር ኖሮአል። ከእነርሱ አንዱ ሩፊኖስ ነበር። ሩፊኖስ የተወለደው በአቅራቢያዋ በምትገኘው በኮንኮርድያ ነው፤ ጥምቀትን የተቀበለው ግን በ370 ዓ.ም. ገደማ በአኲሌያ ነው። ከዚያም ወደ ግብፅ ወርዶ ከዓይነ ስውሩ መምህር ከዲዲሞስ ተማረ፤ በኢየሩሳሌምም በደብረ ዘይት በምናኔ ኖረ። በ397 ዓ.ም. ወደ ኢጣልያ ሲመለስ በምሥራቅ አገር ከ20 ዓመት በላይ ቈይቶ ነበር።

በዚያን ጊዜ የአኲሌያ ኤጲስ ቆጶስ ክሮማትዮስ ነበረ። ይህ አባት የሚታወቀው አስታራቂና አጽናኝ በመሆኑ ነው። ቅዱስ ዮሐንስ አፈ ወርቅ ከመንበሩ በተሰደደ ጊዜ ለርዳታ ደብዳቤ ከጻፈላቸው የምዕራብ አባቶች አንዱ እርሱ ነው። ሄሮኒሞስና ሩፊኖስ በጽሑፍ ተጣልተው በተሰዳደቡ ጊዜም ክርክሩ እንዲቀር የደከመው ክሮማትዮስ ነበረ።

በ401 ዓ.ም. የጎቶች ንጉሥ አላሪክ ከነሠራዊቱ ወደ ኢጣልያ ገባ። የአኲሌያ አካባቢ የመጀመሪያው የወረራው መንገድ ነበርና እርሻው ጠፋ፥ ከብቱ ተነዳ፥ ሰዉም በፍርሃት ተያዘ። ክሮማትዮስ በዚህ ጊዜ ሩፊኖስን ጠርቶ የአውሳብዮስን የቤተ ክርስቲያን ታሪክ ከግሪክ ወደ ላቲን እንዲመልስ አዘዘው። ሩፊኖስ ራሱ በመቅድሙ እንደሚገልጸው፥ ኤጲስ ቆጶሱ መጽሐፉን የፈለገው እንደ መድኃኒት ነበር፤ ሕዝቡ የቀደሙትን አባቶች ትዕግሥት እየሰማ የያዘውን ጭንቅ ለጊዜው እንዲረሳ ነው። ሩፊኖስም አውሳብዮስን ከተረጐመ በኋላ፥ ከቈስጠንጢኖስ ዘመን እስከ ቴዎዶስዮስ ዕረፍት፥ ማለት እስከ 395 ዓ.ም. ድረስ ያለውን ታሪክ በራሱ ሁለት ክፍል ጨመረበት።

ከሁለቱ በመጀመሪያው ውስጥ እኛ በስንክሳር የምናውቀው ታሪክ ይገኛል። ሜሮጵዮስ የሚባል የጢሮስ ፈላስፋ ዘመዶቹ የሆኑ ሁለት ልጆችን ፍሬምናጦስንና ኤዴስዮስን ይዞ ሩቅ አገር ለማየት ሄደ። ሲመለሱ ስንቅና ውኃ ለመያዝ መርከባቸው ወደ ወደብ ቢጠጋ፥ የአገሩ ሰዎች ከሮማውያን ጋር የነበራቸው ውል ፈርሶ ነበርና በመርከቡ የነበሩትን ሁሉ ገደሉ። ሁለቱን ልጆች ግን ከዛፍ ጥላ ሥር ትምህርታቸውን ሲያጠኑ አግኝተው አዘኑላቸው፤ ወደ ንጉሡም አቀረቡአቸው። ንጉሡ ኤዴስዮስን ጠጅ አሳላፊ፥ አስተዋይ ሆኖ ያገኘውን ፍሬምናጦስንም የመዝገቡና የጽሕፈቱ ኀላፊ አደረገው። ንጉሡ ሲሞት ንግሥቲቱ ሕፃን ልጇ እስኪያድግ ድረስ መንግሥቱን በማስተዳደር እንዲረዱአት ለመነቻቸው። ፍሬምናጦስም ለንግድ የሚመጡትን ክርስቲያኖች እየፈለገ የጸሎት ቤት የሚሠሩበትን ስፍራ ሰጣቸው። ልጁ ባደገ ጊዜ ኤዴስዮስ ወደ ዘመዶቹ ወደ ጢሮስ ሲሄድ፥ ፍሬምናጦስ ግን ወደ እስክንድርያ ሄዶ ለዚያ ሕዝብ ጳጳስ እንዲላክለት ቅዱስ አትናቴዎስን ለመነ። አትናቴዎስም ከጉባኤው ጋር መክሮ ከእርሱ የሚሻል ሰው እንደማይገኝ ዐውቆ ራሱን ሾሞ መለሰው።

ሩፊኖስ ታሪኩን የሚፈጽመው ምስክሩን በመጥራት ነው። ይህን የሰማው ከተራ ወሬ ሳይሆን በጢሮስ ቅስና ተቀብሎ ከነበረው ከራሱ ከኤዴስዮስ አንደበት መሆኑን ይናገራል። እንግዲህ ያ በዛፍ ሥር የተገኘው ልጅ ሸምግሎ፥ ቄስ ሆኖ፥ ወንድሙ የደረሰበትን ለአንድ እንግዳ መነኵሴ አጫወተው፤ መነኵሴውም ነገሩን በልቡ ይዞ ኖረ፤ ኤጲስ ቆጶሱ ባዘዘው ጊዜ በወረራው ወራት ጻፈው። የመርከቡ ጉዞ ከሆነ ጀምሮ እስኪጻፍ ድረስ ብዙ ዐሥርታት ዓመታት አልፈው ነበር።

በአንድ ነገር ግን የሩፊኖስ መጽሐፍ ረዳት ያስፈልገዋል። የዘመኑ ጸሐፊዎች ከቀይ ባሕር ማዶ ያለውን አገር ሁሉ ህንድ እያሉ ይጠሩ ስለ ነበር፥ እርሱም የኢትዮጵያን ስም በዚሁ ቃል ጻፈው፤ የንጉሡንም ስም አልጠቀሰም። የቅዱስ አትናቴዎስ መጽሐፍ ባይኖር ኖሮ አንባቢው አገሩን በተሳሳተ ነበር። አትናቴዎስ ታሪኩን አልዘረዘረም፤ የአክሱምን፥ የዔዛናንና የፍሬምናጦስን ስም ግን በግልጽ አስቀመጠልን። ሩፊኖስ ነገሩን፥ አትናቴዎስ ስሙን ጠበቁልን። በእነዚህ ላይ የዔዛና ገንዘብ ይጨመራል፤ በመጀመሪያ የጨረቃ ምልክት የነበረበት ገንዘብ በኋላ መስቀል ተቀርጾበት ይገኛልና።

ሩፊኖስ በአኲሌያ ሊያርፍ አልታደለም። ጎቶች ዳግመኛ በመጡ ጊዜ ከአገሩ ተሰድዶ በ411 ዓ.ም. ገደማ በሲሲልያ ደሴት ዐረፈ።

ሽመላዎቹ የሸሹባት ከተማ

በ452 ዓ.ም. የሁኖች ንጉሥ አቲላ አኲሌያን ከበባት። የጥንቱ ጸሐፊ ዮርዳኖስ እንደሚተርከው ከበባው በመርዘሙ ሠራዊቱ ሊመለስ ሲያስብ፥ አቲላ ሽመላዎች ጫጩቶቻቸውን ከከተማው ጣሪያ ላይ አንሥተው ወደ ገጠር ሲያሸሹ ተመለከተ። ወፎቹ የከተማይቱን ውድቀት ዐውቀዋል ብሎ ሠራዊቱን አበረታታ፤ ቅጥሩም ተሰብሮ አኲሌያ ተዘረፈች፥ ተቃጠለችም። ከሞት ያመለጡት በባሕሩ ዳር ወዳሉት የሐይቅ ደሴቶች ሸሹ። ዝነኛይቱ ቬኔስያ የተመሠረተችው እንዲህ ከወራሪዎች ሸሽተው በውኃ መካከል በሰፈሩ ሰዎች እንደ ሆነ ይነገራል።

ከዚያ በኋላ የመጣውን ዘመን በአጭሩ እናልፈዋለን። በ568 ዓ.ም. ሎምባርዶች በገቡ ጊዜ የአኲሌያ ሊቀ ጳጳስ የቤተ ክርስቲያኑን ንብረት ይዞ ወደ ግራዶ ደሴት ሄደ። በስድስተኛው ምዕት ዓመት በተነሣው የሃይማኖት ክርክር የአኲሌያ ጳጳሳት ከቍስጥንጥንያም ከሮማም ተለይተው ፓትርያርክ የሚለውን ስም ያዙ፤ ክርክሩ አልፎም ስሙ ቀረላቸው። በ1031 ዓ.ም. ፓትርያርክ ፖፖ ዛሬ የሚታየውን ታላቅ ቤተ ክርስቲያን አድሶ አከበረ፤ 73 ሜትር ከፍታ ያለውንም የደወል ግንብ አቆመ። ለግንቡ የሚሆነው ድንጋይ ከፈረሰው የሮማውያን የትርኢት ሜዳ የተወሰደ ነው። በ1348 ዓ.ም. የምድር መናወጥ ሕንፃውን ስለ ጐዳው ታድሶ፥ እንደ መርከብ ሆድ የተጐበጐበ የእንጨት ጣሪያ ተደረገለት። በ1420 ዓ.ም. የፓትርያርኩ ግዛት በቬኔስያ እጅ ገባ፤ በ1751 ዓ.ም. የፓትርያርክነቱ መንበር ፈጽሞ ተሻረ። ወንዙም በጭቃ ተደፍኖ አነሰ፤ ሰዉም ተበተነ።

ነገር ግን ፖፖ ቤተ ክርስቲያኑን ሲያድስ በቴዎድሮስ ሞዛይክ ላይ አዲስ ወለል አንጥፎበት ነበር። ዮናስም ከነባሕሩ በዚያ ወለል ሥር ተቀበረ። ከበላዩ ትውልድ ሁሉ ሲጸልይና ሲመላለስ፥ መሠረቱ ሥር ያለውን የሚያውቅ አልነበረም። በ1909 ዓ.ም.፥ አኲሌያ በኦስትርያ መንግሥት ሥር ሳለች፥ ወለሉ ሲቈፈር የተሠወረው ባሕር ተገለጠ። ለ900 ዓመት ያህል የሸፈነው ወለል ከእግርና ከዝናም ስለ ጠበቀው ቀለሙ ሳይደበዝዝ ተገኘ። ለዮናስ መሸፈኑ መጠበቂያ ሆነለት።

የአሥራ አንዱ ሣጥን

የመጀመሪያው የዓለም ጦርነት በተነሣ ጊዜ በአኲሌያ አቅራቢያ በኢዞንዞ ወንዝ ዳር እጅግ ብዙ ሰው ዐለቀ። ከጦርነቱ በኋላ ኢጣልያ ስሙ ያልታወቀ አንድ ወታደር በክብር በሮማ እንዲቀበር ወሰነች። ከአሥራ አንድ የጦር ግንባሮች የአሥራ አንድ ያልታወቁ ወታደሮች ዐፅም ተለቅሞ፥ በጥቅምት 28 ቀን 1921 ዓ.ም. በአኲሌያው ቤተ ክርስቲያን ውስጥ በተርታ ተቀመጠ። ከመካከላቸው አንዱን እንድትመርጥ የተጠራችው ማርያ ቤርጋማስ የምትባል እናት ናት። ልጇ አንቶንዮ በ1916 ዓ.ም. በጦርነት ወድቆ መቃብሩ ጠፍቶባት ነበር።

ማርያ ጥቍር ለብሳ ከሣጥኖቹ ፊት አለፈች። ከዐሥረኛው ፊት እንደ ደረሰች የልጇን ስም ጠርታ እንደ ወደቀች ይነገራል። የተመረጠው ሣጥን በባቡር ወደ ሮማ ሲሄድ በየጣቢያው ሕዝቡ ተንበርክኮ ይጠብቀው ነበር፤ ኅዳር 4 ቀንም በሮማ ተቀበረ። የቀሩት ዐሥሩ ከቤተ ክርስቲያኑ በስተ ኋላ ባለው መቃብር ዐርፈዋል። እናቲቱም በ1953 ዓ.ም. ስትሞት ከእነርሱ አጠገብ ተቀበረች። ልጅዋ ወጥቶ የቀረባት፥ መቃብሩንም ያላወቀች እናት በእኛም አገር ብዙ ናት። የዚህችን እናት ዕንባ ለመረዳት የየትኛው መንግሥት ዜጋ እንደ ነበረች መጠየቅ አያስፈልግም።

ዛሬ የሚጐበኘው

ዛሬ ወደ አኲሌያ የሚሄድ ሰው የሞዛይኩን ወለል አይረግጥም፤ ከበላዩ በተዘረጋ የመስተዋት መተላለፊያ ላይ እየሄደ ወደ ታች ይመለከተዋል። ከዚያም በደወሉ ግንብ መሠረት ዙሪያ ወደ ተቈፈረው ምድር ቤት ይወርዳል፤ የሰሜኑን አዳራሽ ሞዛይክ በዚያ ያገኛል። የግንቡ ድንጋይ ያለ ርኅራኄ በሥዕሎቹ መካከል ተተክሎ ስለሚታይ፥ የፖፖ ሠራተኞች ከሥራቸው ምን እንዳለ ሳያስቡ እንደ ቈፈሩ ይረዳል። ከመቅደሱ በታች ባለው ክፍል ደግሞ በዐሥራ ሁለተኛው ምዕት ዓመት የተሣሉ የግድግዳ ሥዕሎች አሉ፤ የቅዱስ ማርቆስና የሄርማጎራስ ታሪክ በእነርሱ ይታያል።

ከቤተ ክርስቲያኑ ሲወጣ ግራና ቀኙ የጽድ ዛፍ የተተከለበት ጸጥ ያለ መንገድ አለ። መንገዱ የጥንቱን ወደብ ተከትሎ ይሄዳል፤ ከድንጋይ የተሠራው የወደብ ግንብና መርከብ ይታሰርበት የነበረው ቀዳዳ ያለው ድንጋይ እስከ ዛሬ አለ። ውኃ የነበረበት ግን አሁን ሣር በቅሎበታል። በ1882 ዓ.ም. የተከፈተው ቤተ መዘክር የአምበሩን ጌጥ፥ መስተዋቱንና የመቃብር ድንጋዮቹን ይዞ ይገኛል። በ1998 ዓ.ም. ዩኔስኮ የአኲሌያን ፍርስራሽና ቤተ ክርስቲያኑን በዓለም ቅርስ መዝገብ ጻፈው። የከተማው አብዛኛ ክፍል ገና ሳይቈፈር ከእርሻው ሥር እንዳለ ነው።

አንባቢዎቻችን ሁሉ አኲሌያን ለማየት አይታደሉ ይሆናል። ይሁን እንጂ ሐምሌ 26 ቀን ስንክሳር ተነቦ የአባ ሰላማ ስም ሲጠራ ይህችን ከተማ ማሰብ ይቻላል። ቅጥሯ ፈርሶአል፥ ወደቧ ደርቆአል፥ መንበሯ ተሽሮአል። ኤጲስ ቆጶሷ በጭንቅ ቀን ያስጻፈው መጽሐፍ ግን አልጠፋም። ለዚያ መጽሐፍ መነሻ የሆነው አንድ ሽማግሌ ቄስ ያየውን መናገሩና አንድ ሰው ቁጭ ብሎ ማዳመጡ ነው። በየቤታችን ኤዴስዮስን የሚመስሉ አያቶች አሉ፤ ስደትን ያዩ፥ ደብር ሲተከል የነበሩ፥ የዘመዶቻቸውን መቃብር ስፍራ የሚያውቁ ናቸው። ልጆች ደብተርና እርሳስ ይዘው ከአጠገባቸው ይቀመጡ፤ የሰሙትንም ከተናጋሪው ስም ጋር ይጻፉት።